23 ሸክላ ሁለት ጊዜ የቀዳንበት ምክንያት፦ የአንድ ሸክላ ግልበጣ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

አንዲት ጓደኛዬ ደውላ "አባዬ ሸክላዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጪልኝ እያለ ነው፣ እቃውን ገዝቻለሁ ሶፍትዌሩን ግን አንተ መጥተህ አስተካክልልኝ" አለችኝ። እኔም የግማሽ ቀን ስራ መስሎኝ ሄድኩ። ስራው ሶስት ወር ፈጀ፣ ከሶስቱ ወር ውስጥ አምስት ሳምንቱ እንዳለ የባከነ ነው፣ ምክንያቱም 23 ሸክላ ቀድተን ከጨረስን በኋላ ነው አንዱም በትክክል እንዳልተቀዳ ያወቅነው። ችግሩ መርፌው ጋ አልነበረም፣ ሸክላው ጋም አልነበረም፣ ሁለታችንም ከፍተን ያላየነው አንድ የሴቲንግ መስኮት ውስጥ ነው የነበረው። ሌላ ሰው ተመሳሳይ ስራ ሲጀምር ያቺን መስኮት መጀመሪያ እንዲያያት ብዬ ነው ሁሉንም በቅደም ተከተል የምጽፈው።

የነበረው እቃ

ሸክላዎቹ 61 ናቸው። 40ዎቹ ትልልቆቹ ባለ 12 ኢንች፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ የሚዞሩት፣ 20ዎቹ ደግሞ በ45 የሚዞሩት ትንንሾቹ ባለ 7 ኢንች፣ አንዷ ብቻ በ78 የምትዞር አሮጌ ናት፣ እሷን መጨረሻ ላይ አነሳታለሁ። ማጫወቻው የአባትየው ነው፣ ላፕቶፑ የልጅየዋ ሆኖ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ነው። በመሀል ያለው ልጅየዋ የገዛችው ዩኤስቢ ያለው ትንሽ ፕሪአምፕ ነው። ሶፍትዌሩ ኦዳሲቲ ነው፣ ነጻ ስለሆነና ለዚህ ስራ የሚያስፈልገው ሁሉ ስላለው ሌላ አልፈለግንም።

ፕሪአምፑ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። መርፌው የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ በጣም ደካማ ነው፣ በተለመደው የማግኔት ካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበት ክፍል) 5 ሚሊቮልት ገደማ ቢሆን ነው፣ ላፕቶፕ ይሄን በቀጥታ ቢቀበለው የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። ሌላው ነገር ደግሞ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምጽ ሆን ተብሎ ይቀነሳል ቀጭኑ ደግሞ ይጨመራል፣ እንደዛ ካልተደረገ ወፍራሙ ድምጽ የሸክላውን መስመር እያሰፋ ቦታ ይጨርሳል፣ ቀጭኑም በመርፌው ኮሽታ ይዋጣል። ሲጫወት ይሄ ተገልብጦ መመለስ አለበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ለዚህ የጋራ መለኪያ አለ፣ አር አይ ኤ ኤ ይባላል። ፕሪአምፕ ማለት እንግዲህ ሁለቱንም የሚሰራው ነው፣ ያጎላል ደግሞም ሚዛኑን ይመልሳል።

የመጀመሪያው ቀን

ሁሉን ሰካክተን ሪከርድ ስንል ስክሪኑ ላይ የመጣው ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ምንም ድምጽ የለም። ይሄ ቶሎ ተፈታ። ዊንዶውስ የፕሪአምፑን ዩኤስቢ የሚያየው እንደ ማይክሮፎን ነው፣ ፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ ፕሮግራሞች ማይክሮፎን እንዲጠቀሙ ካልተፈቀደ ኦዳሲቲ ኤረር እንኳን ሳያሳይ ዝም ያለ ነገር ይቀዳል። ፈቀድን፣ ድምጹ መጣ።

የመጣው ድምጽ ግን የሚሰማ አልነበረም። ቤዙ ያጉረመርማል፣ ድምጻዊው ጮክ ሲል ይሰነጣጠቃል። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት መርፌውን ነው፣ አባትየው ግን "መርፌው ደህና ነው፣ ትናንት ማታ ሰምቼበታለሁ" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነበር። ማጫወቻውን አዙረን ጀርባውን ስናይ ፎኖ እና ላይን የሚል ትንሽ ማብሪያ አለ፣ ላይን ላይ ነው ያለው። ማጫወቻው ውስጡ የራሱ ፕሪአምፕ አለው ማለት ነው፣ እሱ ያጎላውንና ሚዛኑን የመለሰውን ድምጽ የእኛ ፕሪአምፕ ተቀብሎ እንደገና ሲያጎላው ነው እንደዛ የሆነው። ወደ ፎኖ ስናዞረው ወዲያው ጠራ።

የቀረው ያለማቋረጥ የሚሰማ ህምምም የሚል ድምጽ ነው። ከማጫወቻው ከቀይና ነጭ ኬብሉ ጋር አብራ የምትወጣ ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ነበረች፣ እንዲሁ ተንጠልጥላ ነው የተተወችው። ፕሪአምፑ ጀርባ ላይ ካለችው ብሎን ጋር ስናስራት አብዛኛው ጠፋ፣ የተረፈው ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ስንነቅል ጠፋ፣ ከዛ በኋላ ሁሌ ባትሪ ሞልተን ቻርጀር ነቅለን ነው የቀዳነው።

መጠኑን ስንወስን

ልጅየዋ የሆነ ቦታ አንብባ በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ካልሆነ አልቀዳም ብላ ነበር። ኪሎኸርዙ ድምጹ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ነው፣ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ዝርዝር እንደሚይዝ። ፍላጎቷ ይገባኛል፣ አንዴ ከተሰራ በደንብ ይሰራ ነው ነገሩ። ግን የገዛችው ፕሪአምፕ በዩኤስቢ የሚያወጣው 16 ቢት ብቻ ነው፣ ፍጥነቱም ከ48 ኪሎኸርዝ አያልፍም፣ ሶፍትዌሩ ላይ 96 ብለን ብንጽፍ ያው የመጣውን ይለጥጠዋል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም፣ ፋይሉ ብቻ ነው የሚያብጠው። ደግሞም የሸክላ ጸጥታና ጩኸት ልዩነት ጥሩ የሚባለው እንኳን ከ70 ዴሲቤል (የድምጽ ከፍታ መለኪያ ነው) ብዙም አያልፍም፣ 16 ቢት ደግሞ 96 ዴሲቤል ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በ44,100 ኸርዝ ተስማማን፣ ኦዳሲቲ ውስጥ ያለውን ግን በ32 ቢት ፍሎት ተውነው፣ በኋላ ስንነካካው ጥራቱ እንዳይወርድ። በዚህ መጠን አንድ የ40 ደቂቃ ሸክላ እየሰራንበት 850 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ ሲያልቅ ወደ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ ፋይሉን የሚያሳንስ የፋይል አይነት) ሲቀየር ግን ከዛ በጣም ያንሳል።

የድምጹን ከፍታ ያስተካከልነው በፕሪአምፑ ማዞሪያ ነው። ከሸክላው በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልገን መርፌውን እዛ ላይ እናስቀምጥና መለኪያው ከቀነስ 6 ዴሲቤል እንዳያልፍ እናደርጋለን። ዜሮን ከነካ የማዕበሉ ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ያ የተቆረጠው ደግሞ አይመለስም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ከፍ ይደረጋል፣ ተርፎ የተቆረጠ ግን እንደገና ከመቅዳት በቀር መፍትሄ የለውም።

ከዛ በኋላ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ልጅየዋ ማታ ማታና እሁድ እሁድ መቅዳት ጀመረች።

23ኛው ላይ

በአምስት ሳምንት ውስጥ 23 ትልልቅ ሸክላ ቀዳች። ሸክላ የሚቀዳው በራሱ ፍጥነት ነው፣ የ40 ደቂቃው 40 ደቂቃ ይፈልጋል ማቻኮል አይቻልም፣ ስለዚህ 23 ማለት ማዞሩና መጥረጉ ሳይቆጠር 15 ሰዓት በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ስልክ ላይ ጭና ለአባቷ ጥሩ ሄድፎን ገዝታ ሰጠቻቸው። አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምተው ሄድፎኑን አውልቀው "ልጄ፣ ሳክስፎኑ እኮ በግራ በኩል ነበር የሚመጣው፣ አሁን መሀል ገብቷል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እየራቀ እየራቀ ነበር የሚሄደው፣ ይሄኛው ቶሎ ጠፋ" አሏት።

ያን ሸክላ ከ40 ዓመት በላይ ሲሰሙት የኖሩ ሰው ናቸው። እሷ ደውላ ስትነግረኝ እኔ በሆዴ ጋሼ እድሜያቸው ገፍቷል ጆሯቸው ይሆናል ብዬ ነበር፣ ይሄን ማሰቤ እስካሁን ይቆጨኛል። ሄጄ ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ሁለት መስመር አለ፣ ላይኛው የግራ ታችኛው የቀኝ፣ ስቴሪዮ ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው አምስት ሳምንት ሙሉ ያላየነው፣ ሁለት መስመር ካለ ስቴሪዮ ነው ብለን አሰብን፣ ስንፈትሽም የሰማነው በላፕቶፑ ስፒከር ነው፣ በእሱ ደግሞ ግራና ቀኝ አይለይም።

እንዴት አረጋገጥነው

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ማንም በሁለት ደቂቃ ይሰራዋል። ከተቀዳው ላይ 30 ሰከንድ ትወስዳለህ፣ የስቴሪዮ ትራኩን ሜኑ ከፍተህ ወደ ሁለት ሞኖ ትከፍለዋለህ፣ ከሁለቱ አንዱን መርጠህ ኢንቨርት የሚለውን ኢፌክት ትሰጠዋለህ፣ ማለትም ማዕበሉን ወደ ላይ ያለውን ወደ ታች ታደርገዋለህ፣ ከዛ ሁለቱንም አብረህ ታጫውታለህ። ግራና ቀኙ የተለያዩ ከሆኑ የሆነ ነገር ይሰማል፣ ብዙ ጊዜ መሀል የነበረው ድምጻዊ ይደክምና ዳርና ዳር ያሉት መሳሪያዎች ይቀራሉ። ሁለቱ አንድ አይነት ከሆኑ ግን ይጠፋፋሉ።

የኛ ምንም አልተሰማም። ኮሽታ እንኳን የለም፣ የኦዳሲቲ መለኪያ ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም። ልጅየዋ ሄድፎኑን ነቅላ ድጋሚ ሰካችው፣ የተበላሸ መስሏት ነበር። ሸክላው ራሱ ሞኖ ይሆናል እንዳንል ሽፋኑ ላይ ስቴሪዮ ይላል፣ ሞኖ ቢሆን ኖሮ እንኳን በትክክል ከተቀዳ ይሄ ሙከራ ዘፈኑን አጥፍቶ የአቧራውን ጭርጭርታ ያስቀራል፣ ምክንያቱም አቧራና ጭረት የመስመሩን ግራና ቀኝ ግድግዳ እኩል አይነካም። ፍጹም ዝምታ ከመጣ ኮምፒውተሩ አንድ ቻናል ብቻ ተቀብሎ ሁለት ቦታ እየጻፈው ነው ማለት ነው።

ያቺ መስኮት

በድሮው የሳውንድ ፓነል ሪከርዲንግ የሚለው ውስጥ ገባን፣ የፕሪአምፑን ዩኤስቢ መርጠን ፕሮፐርቲስ፣ ከዛ አድቫንስድ። ዲፎልት ፎርማት የሚለው ቦታ ላይ 1 ቻናል ይላል። እቃው እንደ ማይክሮፎን ስለታየ፣ ማይክሮፎን ደግሞ ባብዛኛው ሞኖ ስለሆነ፣ እንደዛ ሆኖ ነው የተቀመጠው። 2 ቻናል፣ 16 ቢት፣ 44,100 ወደሚለው ቀየርነው።

አጠገቡ ያለው ኢንሃንስመንት የሚለው ታብ ላይ ደግሞ የኖይዝ ማፈኛው በርቷል። ይሄ የአባትየውን ሁለተኛ ነገር አስረዳን። ማፈኛው የተሰራው ለስልክ ንግግር ነው፣ ሰው ሲያወራ ያሳልፋል፣ ዝቅ ያለና የማይለዋወጥ ድምጽ ሲሰማ የፋን ጩኸት ነው ብሎ ይዘጋዋል። ዘፈን እየራቀ ሲሄድ ለእሱ የፋን ጩኸት ነው። የተበላሸውን ፋይል መጨረሻ አጉልተን ስናይ ማዕበሉ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይቆማል፣ ከዛ በኋላ ያለው ጥርት ያለ ዝምታ ነው፣ የመርፌው እሽታ እንኳን የለም። መርፌ ተቀምጦ ሳለ ፍጹም ዝምታ የሚባል ነገር ሸክላ ላይ የለም፣ በዘፈንና በዘፈን መሀል ይሄን አይተን ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሸክላ እንነቃ ነበር። ሁሉንም ኢንሃንስመንት አጠፋን።

ያንኑ ዘፈን ድጋሚ ቀድተን ሄድፎኑን ለአባትየው ሰጠናቸው። ምንም አላሉም፣ ሳክስፎኑ ሲገባ ብቻ በግራ እጃቸው ግራ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ።

23ቱን እንደገና ቀዳናቸው።

የሰራውና ያልሰራው

ለጽዳት ከሞከርነው ሁሉ የበለጠው ከሶፍትዌር ውጪ ያለው ነው። ሸክላውን ከመቅዳት በፊት በካርቦን ፋይበር ብሩሽ መጥረግ፣ የቆሸሸውን ደግሞ በተጣራ ውሀና በለስላሳ ጨርቅ፣ መሀል ያለው ወረቀት ሳይረጥብ፣ እንደ መስመሩ ዙሪያውን እየዞሩ ማጽዳትና በደንብ ማድረቅ። አንዱን ሸክላ ሳይጸዳና ጸድቶ ቀድተን አወዳደርነው፣ ልዩነቱን የትኛውም ኢፌክት አይሰጥህም።

ኖይዝ ሪዳክሽን ግን አልሆነም። በዘፈን መሀል ያለውን እሽታ ናሙና ወስደን በ12 ዴሲቤል ስንቀንስ እሽታው ሄደ፣ አብሮት ግን የሲምባሉ ጭራና የድምጻዊው ትንፋሽ ሄደ፣ የቀረውም ውሀ ውስጥ ሆኖ የሚዘፈን ይመስላል። በ6 ሞከርን፣ ያው ነው። ተውነው። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው፣ የሸክላ እሽታ ጆሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይረሳዋል፣ የታጠበ ድምጽ ግን ሁሌም ይረብሻል።

ክሊክ ሪሙቫል የሚባለው መሀል ላይ ነው። ለቀስታ ዘፈኖች ጥሩ ሰራ፣ ጡሩምባ የበዛባቸው ላይ ግን የጡሩምባውን ሹል አጀማመር ከጭረት ጋር ያምታታውና ይሞርደዋል። ስለዚህ እሱን ለሙሉ ሸክላ መስጠት ትተን ትልልቆቹን ፍንዳታዎች አንድ በአንድ አጉልተን ሪፔር በሚለው ነው የጠገንናቸው፣ እሱ በአንዴ የሚያክመው 128 ናሙና፣ ማለትም 128 ልኬት ነው፣ በ44,100 ሲሰላ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ። አድካሚ ነው ግን የነካኸውን ብቻ ነው የሚነካው።

ዘፈኖቹን እንዲከፋፍል በዝምታ የሚፈልገውን አውቶማቲክ ነገርም ሞክረን ነበር፣ አልሰራም፣ ቀደም እንዳልኩት ሸክላ ላይ እውነተኛ ዝምታ ስለሌለ አንዳንዴ አራት ዘፈን አንድ ያደርጋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዘፈኑ መሀል ላይ ትንሽ ፋታ ሲያገኝ ይቆርጣል። በእጅ ይሻላል፣ እየሰማህ ዘፈን ሲጀምር ኮንትሮልና ኤምን መጫን፣ በሚመጣው ምልክት (ሌብል) ላይ ስሙን መጻፍ፣ መጨረሻ ላይ በሌብሉ መሰረት ከፋፍሎ ኤክስፖርት ማድረግ ነው። ለስልክ ኤምፒ3 አወጣን፣ ለማስቀመጫ ግን ፍላክ፣ አንድ ገጽ አንድ ፋይል፣ ምንም ሳይነካካ፣ ሁለት የተለያዩ ሀርድ ዲስክ ላይ። መሀል ያለውን ወረቀት ፎቶ አንስተን፣ የሸክላውን ቁጥር ፋይሉ ስም ላይ ጻፍን፣ ምክንያቱም አንድ ዘፈን ሁለት ሸክላ ላይ ሲገኝ የሚለየው ቁጥሩ ነው።

ላፕቶፑ ሁለት ጊዜ መሀል ላይ ተኝቶ ቀረጻ አቋርጦብናል፣ ስሊፑን ማጥፋትና ዩኤስቢውን በሀብ ሳይሆን በቀጥታ መሰካት ፈታው።

ሌላ ሰው የሚወስደው

ይሄን ስራ ዛሬ ብጀምር ኦዳሲቲን ከመክፈቴ በፊት የምከፍተው የሳውንድ ፓነሉን ነው፣ ቻናሉ 2 መሆኑን፣ ኢንሃንስመንቱ መጥፋቱን አያለሁ። ግን አንዴ አይቶ መተውም አይበቃም። ሶስተኛው ወር ላይ ልጅየዋ ዩኤስቢውን ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሰካችው፣ ኮምፒውተሩ አዲስ እቃ መሰለውና ሁሉም ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ይሄኛውን ጊዜ ግን በመጀመሪያው 30 ሰከንድ ነው የያዘችው፣ ምክንያቱም ከዛ ስህተት በኋላ በተቀመጠች ቁጥር መጀመሪያ የኢንቨርት ሙከራውን ትሰራለች፣ ከዛ በዘፈን መሀል ያለውን ቦታ አጉልታ እሽታው መኖሩን ታያለች። በማይክሮፎን ቀዳዳ የምትቀዱም ይሄ ይመለከታችኋል፣ የብዙ ላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ከነጭራሹ ሞኖ ነው።

ፍተሻውን በሄድፎን አድርጉት፣ የላፕቶፕ ስፒከር ይሄን አያሳይም። አንድ ሸክላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቀረጻውም ክፍፍሉም ኤክስፖርቱም ሳይጠናቀቅ ሁለተኛውን አትጀምሩ። ያ የመጀመሪያው ሲያልቅ ደግሞ ሸክላውን በደንብ ለሚያውቀው ሰው አሰሙት፣ የሚላችሁንም እመኑት። እኛ ቤት ውስጥ ከነበሩት ማሽኖች ሁሉ ችግሩን ያወቀው የአባትየው ጆሮ ነው፣ በአምስተኛው ሳምንት ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ልንጠይቃቸው እንችል ነበር።

አንዷ ቀርታለች

60ዎቹ አልቀዋል። በ78 የምትዞረዋ ግን አሁንም ሽፋኗ ውስጥ ናት። ማጫወቻው 78 ፍጥነት የለውም፣ በ45 ተጫውታ ሶፍትዌሩ ላይ በ1.733 እጥፍ ማፍጠን ይቻላል፣ ስሌቱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው መርፌው ነው፣ የነዚህ የድሮዎቹ መስመር ሰፊ ስለሆነ ወደ 3 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው) የሚጠጋ መርፌ ይፈልጋል፣ የኛው 0.7 ሚል ነው፣ ቢቀመጥባት መስመሩ ወለል ላይ ያለውን ቆሻሻ እየጫረ ነው የሚሄደው። ሁሉንም ሸክላ እንላቸዋለን እንጂ 60ዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ይቺ ግን እውነትም እንደ ሸክላ ናት፣ ከእጅ ካመለጠች ትሰበራለች። ልጅየዋ ልክ የሆነውን መርፌ እያፈላለገች ነው፣ እስኪገኝ ድረስ አባትየው ቆማ እንድትቀመጥ ብለው ከሁለት ወፍራም ካርቶን መሀል አድርገው መደርደሪያው ላይ አቁመዋታል።